«እዚህ» የሚለው ቃል፦ ስለ አንገት ጥልቅ ልክፈት የምንጽፋቸው ጽሑፎች ከአርባ ምንጭ ሲነበቡ

ዛሬ በሕክምና መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ስማቸው የማይጠፋው ዶክተር ቪልሄልም ፍሪድሪክ ፎን ሉድቪግ በሽቱትጋርት ከተማ ያዩትን ገዳይ የአንገት በሽታ እ.ኤ.አ. በ1836 በቩርተምበርግ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ አሳተሙ። ጽሑፉ አጭር ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «በቅርብ ጊዜ እዚህ በተደጋጋሚ ስለታየ አንድ ዓይነት የጉሮሮ ብግነት» የሚል ይሆናል። ይህን አሮጌ ጽሑፍ ያነሣሁት ታሪክ ለመዘከር ብዬ አይደለም። ስለዚሁ በሽታ እኛ የምንጽፋቸውን የሕሙማን ዘገባዎች፣ የምናስተምርባቸውን መጻሕፍትና የምንለዋወጣቸውን የመላኪያ ወረቀቶች ከጎኑ አስቀምጬ ባነብ፣ እኛ የጣልነው እርሳቸው ግን የያዙት አንድ ነገር አለ ብዬ ስለማምን ነው። እርሱም በርእሳቸው መካከል ያለችው «እዚህ» የምትለው ቃል ናት።

ዶክተር ሉድቪግ የጻፉት በገዛ ቋንቋቸው በጀርመንኛ፣ በገዛ አገራቸው የሙያ ማኅበር መጽሔት ላይ፣ ለጎረቤት ሐኪሞች ነው። የተናገሩትም ስለ ዓለም ሁሉ አንገት ሳይሆን በከተማቸው ስላዩአቸው ጥቂት ሕሙማን ነው። ያስተዋሉት ግን እስከ ዛሬ አልተሻረም። ከመንጋጋ በታች ያለው ሥጋ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ምላስ ከአፍ ወለል ተገፍታ ወደ ላይ ትነሣለች፤ አፍ አልከፈት ይላል፤ ጉሮሮው ራሱ ግን ሲታይ ብዙም አልተቆጣም፤ የአንገት ዕጢዎችም የበሽታው መነሻ አይደሉም። ታማሚው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያን ያህል የታመመ ሳይመስል በአሥረኛው ወይም በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገደማ ይሞታል። ዛሬ በአርባ ምንጭ የድንገተኛ ክፍል ተረኛ የሆነ ሐኪም ሁለት ጣቶቹን ከታማሚው አገጭ ሥር አስገብቶ ሲጫን የሚዳስሰው ይህንኑ ነው። አንድ ጽሑፍ ከተጻፈ ከአንድ መቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ቆይቶ በሌላ አህጉር በጣት የሚነበብ ከሆነ፣ በእኔ እምነት ጥሩ ጽሑፍ ነው።

ጉድለቱም የታወቀ ነው። ዶክተር ሉድቪግ ጥርስን አላዩም። ባክቴሪያ በሽታ አምጪ መሆኑ ገና ባልታወቀበት ዘመን ይህን ባለማየታቸው የሚወቅሳቸው የለም። የሚያስወቅሰው የእኛ ነገር ነው። በማግስቱ ዓመት እ.ኤ.አ. በ1837 በሽታው በስማቸው ተጠራ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን ስንይዝ የበሽታውን የመጨረሻ መልክ ብቻ ይዘን ቀረን። «ሉድቪግ አንጃይና» ብሎ በካርድ ላይ የሚጽፍ ሐኪም ያበጠውን አንገት እንጂ ወደ እብጠቱ ያደረሰውን መንገድ አልጻፈም። ስሙ እንደ ፎቶግራፍ ነው፤ የተነሣውም ታማሚው በር ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

ስለ ስሙ ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። «አንጃይና» ከላቲን የመጣ ሆኖ ትርጉሙ ማነቅ ነው፤ ነገር ግን በአገራችን ሆስፒታሎች ቃሉ ሲሰማ ወዲያው የሚታሰበው የልብ ሕመም ነው። አንድ ተማሪ በስልክ «አንጃይና ልንልክላችሁ ነው» ቢል ተቀባዩ የልብ መመርመሪያ መሣሪያ ቢያዘጋጅ አይፈረድበትም። የክትባት ትምህርት አዘጋጆች ዲፍቴሪያን «ዘጊ አናዳ» ብለው ለሕዝብ አቅርበዋል፤ ስሙ የሚያደርሰውን ጉዳት በራሱ ይናገራል። ከመንጋጋ በታች ለሚያብጥ ነገር ሕዝቡ በእጁ ያለው ስም ግን «ጆሮ ደግፍ» ነው። ጆሮ ደግፍ ደግሞ በቤት ተኝተው የሚያሳልፉት የልጅ በሽታ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ የአርባ ዓመት ጎልማሳ አገጩ ሥር ሲያብጥ «ጆሮ ደግፍ ነው፣ ይለቅሃል» ተብሎ ሦስት ቀን ቢቀመጥ፣ ጥፋቱ የጎረቤቱ ብቻ አይደለም። እኛም ሌላ ስም አልሰጠንም። ጆሮ ደግፍ ከጆሮ ሥር ያለውን የምራቅ ዕጢ ያሳብጣል እንጂ ምላስን ወደ ላንቃ አያነሣም፤ ምራቅንም መዋጥ አይከለክልም። ይህን ልዩነት ለማስረዳት አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ በጋሞኛም እንዲሁ።

ወደ ጥርሱ ልመለስ፤ የነገሩ ሥር እዚያ ነውና። በታችኛው መንጋጋ ውስጠኛ ገጽ ላይ ተያይዞ የአፍን ወለል የሚሠራ ማይሎሃዮይድ የሚባል ጠፍጣፋ ጡንቻ አለ። የፊተኞቹ ጥርሶች የሥር ጫፍ በአብዛኛው ከዚህ ጡንቻ መስመር በላይ ይቀራል፤ የሁለተኛውና የሦስተኛው የመንጋጋ ጥርስ ሥሮች ግን ብዙውን ጊዜ ከመስመሩ በታች ይወርዳሉ፤ በዚያ በኩል ያለው የአጥንት ግድግዳም ስስ ነው። ስለዚህ የፊተኛው ጥርስ ሲበሰብስ መግሉ ወደ አፍ ወለል፣ የኋለኛው ሲበሰብስ ደግሞ በቀጥታ ወደ አንገት ይወጣል። ጡንቻው በኋላው በኩል ጠርዙ ክፍት ስለሆነ ሁለቱ ክፍሎች በዚያ ይገናኛሉ። በዚያው በኩል ወደ ጉሮሮ ጎን፣ ከዚያም ከጉሮሮ በስተኋላ ወዳለው ክፍተት መሄድ ይቻላል። ከጉሮሮ ጀርባ ካሉት ክፍተቶች አንዱ፣ የአካል ጥናት ሊቃውንት አደገኛው ክፍተት የሚሉት፣ ከራስ ቅል ሥር ተነሥቶ እስከ ድያፍራም ድረስ ያለ አንዳች መዝጊያ ይወርዳል። የክብደት ኃይልና በእያንዳንዱ ትንፋሽ ደረት ውስጥ የሚፈጠረው ስበት መግሉን ወደ ታች ይጎትቱታል። የአንዲት መንጋጋ ጥርስ ብስባሽ ልብን ከከበበው ሽፋን አጠገብ የሚደርሰው እንዲህ ነው።

አሁን የእኛን ዘገባዎች እንመልከት። በአዋቂዎች ላይ የተደረጉ ተከታታይ ጥናቶች ከየትም አገር ቢመጡ አብዛኛውን ጊዜ ጥርስን ከመነሻ ምክንያቶች በግንባር ቀደምነት ያስቀምጣሉ፤ ከሥሩ ደግሞ «ምክንያቱ ያልታወቀ» የሚል መደብ ይከተላል። ይህ መደብ ሁልጊዜ ያጠራጥረኛል። መንጋጋው ተቆልፎ አፉ አንድ ጣት እንኳ በማያስገባ ታማሚ ላይ ጥርስን አይቶ «ጤነኛ ነው» ማለት አይቻልም። ሰመመን ተሰጥቶት መግሉ ሲወጣ ደግሞ ሐኪሙ ትኩረቱ ሁሉ አንገት ላይ ስለሆነ አፍን መመልከት ይረሳል። ታማሚው ድኖ ይወጣል፤ ጥርሱ ግን አብሮት ይሄዳል። «ምክንያቱ ያልታወቀ» ከሚባሉት ውስጥ ስንቱ ያልታየ እንደሆነ ዘገባው አይነግረንም። ምክንያቱ ያልተመረመረው ከምክንያቱ ያልታወቀው ተለይቶ ቢጻፍ ሰንጠረዡ ይጠብ ነበር፤ እውነቱ ግን ይሰፋ ነበር።

ከዚህ የሚብሰው ጉድለት የጊዜ ነው። ዘገባዎቻችን በአብዛኛው የሚጀምሩት «የ35 ዓመት ወንድ በአንገት እብጠትና በመተንፈስ ችግር ወደ ሆስፒታላችን መጣ» ብለው ነው። ከየት መጣ? በስንተኛው ቀን? በመንገድ ላይ ማን አየው? ከጋሞ ደጋ የሚመጣ ታማሚ የተለመደ ታሪኩ እንዲህ ነው፦ የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ከወራት በፊት ጀምሮ ሲያመው ይሄድ ይመጣ ነበር፤ ቅርንፉድ አደረገበት። ሲጠናበት ከመድኃኒት ቤት ጥቂት የአሞክሲሲሊን ፍሬዎች ገዝቶ ሕመሙ ሲታገሥ አቆመ። ሲያገረሽ የዳይክሎፌናክ መርፌ ተወጋ፤ ሕመሙና ትኩሳቱ ለአንድ ቀን ረገበ፤ እብጠቱ ግን አላቆመም። ከዚያ ጤና ኬላ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ አርባ ምንጭ። በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ በሽታው አንድ ዓይነት አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት ጥርስ ማውጣት ይበቃው ነበር፤ በኋላ ጥርስ ማውጣትና መድኃኒት በደም ሥር፤ በመጨረሻው ቀን ግን የአየር ቧንቧ መክፈቻ ቢላዋ። ዘገባው የመጨረሻውን ቀን ብቻ ሲጽፍ አንባቢውን የሚያስተምረው የመጨረሻውን ቀን ሕክምና ብቻ ነው።

ስለ ቦታውም እንዲሁ። የቆዩ ጽሑፎች «ጋሞ ጎፋ» ብለው ያልፋሉ፤ ጋሞና ጎፋ ዛሬ የተለያዩ ዞኖች ናቸው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ሆነዋል። የወረዳው ስም ያልተጻፈበት ዘገባ ለነገ ተመራማሪ አይጠቅምም። በጋሞ ወረዳ ማለት ርቀት ማለት ነው፤ ከፍታም ማለት ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከዓባያና ከጫሞ ሐይቆች አጠገብ ትገኛለች። ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የዶርዜ መንገድ በጠመዝማዛ ይወርዳል። ቦንኬ፣ ካምባ፣ ገረሴ፣ ደራማሎ ደግሞ ሌላ መንገድና ሌላ ሰዓት ናቸው። አንድ ታማሚ የሞተው በበሽታው ጥናት ነው ወይስ በመንገዱ ርዝመት ለማለት ቢያንስ መነሻው መታወቅ አለበት። በሆስፒታል ሰንጠረዥ ላይ ያለው የሞት መጠን የሚቆጥረው በር ላይ የደረሱትን ብቻ ነውና፣ በቃሬዛ ላይ እንዳሉ ትንፋሻቸው የቆመ በየትኛውም መቶኛ ውስጥ የሉም። ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ዘመን በፊት ከሉድቪግ በሽታ ታማሚዎች ከግማሽ በላይ ይሞቱ እንደነበር፣ ዛሬ ግን ሞቱ ከአሥር በመቶ በታች መውረዱን መጻሕፍት ይነግሩናል። ይህ ልክ ነው፤ ነገር ግን ቀድመው ለደረሱ ሰዎች ነው።

የመማሪያ መጻሕፍቱን በተመለከተ ደግሞ የእኔ ትችት ከሌላ አቅጣጫ ነው። ከውጭ የመጡት መጻሕፍት ሁሉ በአንድ ቃል የሚያዙት በቀለም የታገዘ ሲቲ ስካን ነው። ምርመራው መልካም ነው፤ መግልንና ያበጠ ሥጋን ይለያል፤ ወደ ደረት የወረደውንም ያሳያል። ነገር ግን ሲቲ ስካን ለማንሣት ታማሚው በጀርባው መተኛት አለበት። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ ምራቁን እያዝረበረበ፣ ድምፁ ታፍኖ የተቀመጠ ሰው ያን አቀማመጥ የመረጠው አየር የሚያገኝበት እርሱ ብቻ ስለሆነ ነው። በጀርባው ሲያስተኙት ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሣው ምስል የአስከሬን ምስል ሊሆን ይችላል። መጽሐፉ ይህን ማስጠንቀቂያ በሌላ ገጽ ላይ ጽፎታል፤ ተማሪው ግን የሚያስታውሰው ሥዕሉን ነው። መሣሪያው በሌለበት ወይም በተበላሸበት ጊዜ ደግሞ «ሲቲ ስለሌለ» ተብሎ ታማሚው ሌላ ብዙ ኪሎ ሜትር ይላካል። እጅ፣ ዓይንና መርፌ ግን እዚያው ነበሩ። ሕፃን ከሆነ የአንገት የጎን ራጅ ብዙ ይናገራል፦ በሁለተኛው የአንገት አከርካሪ ፊት ያለው ሥጋ ከ7 ሚሊ ሜትር፣ በስድስተኛው ፊት ያለው ከ14 ሚሊ ሜትር ከበለጠ፣ ከጉሮሮ ጀርባ መግል አለ ብሎ መጠርጠር ይገባል። ልጁ እያለቀሰ ወይም አንገቱን አጎንብሶ ከተነሣ ግን ራጁ ይዋሻል።

ሌላው አሳሳች ቁጥር በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጂን መለኪያ ነው። 95 ካሳየ ነርሱም ሐኪሙም እፎይ ይላሉ። የላይኛው አየር መንገድ እየጠበበ ያለ ሰው ኦክስጂኑ እስከ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ድረስ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ሲወርድም በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ሲተነፍስ የሚያፏጭ ድምፅ ማሰማቱም የኋለኛ ምልክት ነው። በጥንቃቄ መጻፍ ያለበት ምራቁን ይውጣል ወይስ አይውጥም፣ ምላሱን ማውጣት ይችላል ወይስ አይችልም፣ እንዴት ተቀምጧል የሚለው ነው። እነዚህ ምንም ዋጋ የማያስወጡ መረጃዎች በዘገባዎቻችን ውስጥ የደም ሕዋስ ቁጥር ያህል ቦታ አያገኙም።

በመጻሕፍቱ ውስጥ ጨርሶ የማላገኘው፣ «እዚህ» ለሚለው ቃል ግን ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ የሚሆነው፣ የእንቅርት ነገር ነው። በደጋማው የአገራችን ክፍል በአዮዲን እጥረት የሚመጣ እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ የጋሞ ደጋም ከዚህ ውጭ አይደለም። መጻሕፍቱ ቱቦ በአፍ ማስገባት ካልተቻለ የአየር ቧንቧውን ከታማሚው ሙሉ ንቃት ጋር፣ ቦታውን ብቻ አደንዝዞ በአንገት ላይ መክፈት እንደሚገባ ያስተምራሉ። ትክክል ነው። ግን ሥዕላቸው ላይ ያለው አንገት ቀጭንና ረጅም ነው። በአንገቷ መካከል ትልቅ እንቅርት ያለባት እናት ጥርሷ አብጦ ስትመጣ፣ የመክፈቻው ቦታ በደም ሥር በተሞላ ዕጢ ተሸፍኗል፤ ቧንቧውም ከመካከል ወደ ጎን ተገፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ደግሞ እንደ እንጨት የደረቀ ሥጋ አለ። እንዲህ ባለች ታማሚ ላይ ቀዶ ሐኪሙ ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር መነጋገር ያለበት ትንፋሿ ሳይጠብ በፊት፣ እንደገባች ነው። ይህን የሚጽፍልን ከሌላ አገር አይመጣም። ከጋሞ፣ ከጎጃም ወይም ከባሌ ደጋ ሐኪሞች በቀር ማን ያየዋል?

ስለሚያስከትለው ጉዳት የጻፍነው በአንጻሩ መጥፎ አይደለም። የአየር መንገድ መዘጋት፣ ወደ ደረት መሐል የሚወርድ መግል፣ በሳንባ ሽፋንና በልብ ሽፋን ውስጥ መግል መቋጠር፣ የደም መመረዝ ሁሉም ተጠቅሰዋል። በስኳር ሕመምተኞችና ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለባቸው ሰዎች ላይ እንደሚጠናም ይታወቃል፤ ብዙ ጊዜም የስኳር ሕመሙ ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታወቀው በዚሁ አጋጣሚ ነው። የሚረሳው የአንገት ደም መላሽ ሥር ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም አንድሬ ለሚዬር እ.ኤ.አ. በ1936 በላንሴት መጽሔት ላይ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ በዚህ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶና ተመርዞ ወደ ሳንባ ስለሚበተንበት በሽታ ጻፉ፤ ካቀረቧቸው 20 ሕሙማን 18ቱ ሞተዋል። አምጪው አየር በሌለበት የሚራባ ባክቴሪያ ነው። ጉሮሮው ታሞ የዳነ ወጣት በሳምንቱ ብርድ ብርድ እያለው፣ የአንገቱ አንድ ጎን እያመመው፣ በሳንባው ላይ ነጠብጣብ ጥላዎች ታይተውበት ቢመጣ በአገራችን መጀመሪያ የሚታሰበው የሳንባ ነቀርሳ ነው። ይህ ጥርጣሬ ስሕተት አይደለም፤ ብቻውን ሲቆም ግን ይገድላል። በተቃራኒው ደግሞ በአንገት አከርካሪ ነቀርሳ ምክንያት ከጉሮሮ ጀርባ ያለ ትኩሳትና ያለ ሕመም የሚጠራቀም መግል አለ፤ እርሱን እንደ ተራ እብጠት ቀድዶ መተው ሌላ ጥፋት ነው። የወጣው መግል ለጂን ኤክስፐርት ምርመራ ቢላክ ወጪው ትንሽ ነው።

«ምንም ባክቴሪያ አልበቀለም» የሚለው የላቦራቶሪ ውጤትም እንዲሁ ሳይተች ይገለበጣል። መግሉ ሲወጣ ክፍሉን ሁሉ ያሸተተ ከሆነ ባክቴሪያ አለው። ያልበቀለው አየር በማይሹ ባክቴሪያዎች ማብቀያ ስላልተመረመረ፣ ወይም ታማሚው ቀድሞ መድኃኒት ስለወሰደ ነው። ዘገባው ውጤቱን ከጻፈ ይህንንም መጻፍ ነበረበት፤ አለዚያ ወጣቱ ሐኪም ሜትሮኒዳዞልን ለማቆም ምክንያት ያደርገዋል።

በሕፃናት ላይ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከጉሮሮ ጀርባ ያሉት ዕጢዎች እስከ አምስት ዓመት ገደማ ስለሚቆዩ መግል የሚቋጥሩት በአብዛኛው በዚህ ዕድሜ ነው። በአገራችን ብዙ አካባቢዎች በዚሁ ዕድሜ ሁለት ልማዶች ይጠብቋቸዋል፦ እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት። ባልተቀቀለ ምላጭ ወይም በፈረስ ጭራ የተቆረጠ እንጥል፣ በስለት የተፈነቀለ የወተት ጥርስ እምቡጥ፣ ለባክቴሪያ የተከፈተ በር ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 ሕፃናትን ለሞት ከሚዳርጉ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች መካከል ሁለቱንም በስም ጠቅሷል። ሕጉ የሚሠራው ግን የሞቱ ምክንያት ሲጻፍ ነው። በካርዱ ላይ «የደም መመረዝ» ተብሎ ከተዘጋ፣ እንጥሉ መቆረጥ አለመቆረጡ ካልታየ፣ ሕግም ጥናትም የሚይዘው ነገር የለም። በጋሞ ወረዳዎች ልማዱ በየትኛው ቀበሌ በርትቶ በየትኛው እንደላላ የምናውቀው በዚሁ ካርድ ብቻ ነው።

እናቲቱን ከመውቀስ በፊት ግን ፍርሃቷን መረዳት ይገባል። እንጥል የምታስቆርጠው «አብጦ ልጄን ያንቀዋል» ብላ ነው። የማደንዘዣ ባለሙያው ቢላዋ አዘጋጅቶ የሚቆመውም ያንኑ መታነቅ ፈርቶ ነው። ሁለቱ ስለ አንድ ነገር ይጨነቃሉ፤ አንዱ ያየው በምላጭ፣ ሌላው ያየው በጥርስና በመግል ነው። የጋሞ ሽማግሌዎች የአገር ጉዳይ በሚመክሩበት ዱቡሻ ላይ አንድ የጤና ባለሙያ ተነሥቶ «ፍርሃታችሁ ልክ ነው፤ ልጁ ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ አንገቱን ማዞር ካልቻለ፣ ሳታስቆርጡ አምጡት» ቢል ከማስፈራሪያ ፖስተር የበለጠ ይሰማል የሚል ግምት አለኝ። ይህ ግምት ነው፤ የተመረመረ ነገር አይደለም።

በመጨረሻ ወደማውቀው ወረቀት ልምጣ። ወጣት ሐኪም ሳለሁ በሠራሁበት አንድ ጤና ተቋም በገዛ እጄ የጻፍኩት የመላኪያ ወረቀት ከብዙ ዓመት በኋላ በእጄ ገባ። «የአንገት እብጠት። ለተሻለ ሕክምና ተልኳል» ይላል፤ ከዚያ ፊርማዬና ማኅተም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። የትኛው ጥርስ እንደሆነ የለም። እብጠቱ የጀመረበት ቀን የለም። የሰጠሁት ፔኒሲሊን በስንት ሰዓት እንደተወጋ የለም። ተቀባዩ ሐኪም ከዚህ ወረቀት የተረዳው ታማሚው እኔ ዘንድ እንዳልዳነ ብቻ ነው። ዶክተር ሉድቪግ ያለ ራጅና ያለ ላቦራቶሪ የጻፉትን ያህል እንኳ አልጻፍኩም፤ የነበረኝ ዓይንና ጣት ግን ከእርሳቸው አያንስም ነበር።

ወረቀቱ ላይ ምን ሊኖር ይገባ እንደነበር ሳስብ የሚመጣልኝ ብዙ አይደለም፦ የወረዳውና የቀበሌው ስም፣ ሕመሙ የጀመረበት ቀንና የጥርሱ ቦታ፣ የተወሰደው መድኃኒት ከነሰዓቱ፣ እንጥሉ አለ ወይስ ተቆርጧል፣ እንቅርት አለው ወይስ የለውም፣ ምራቁን ይውጣል ወይ። አንድ ተጨማሪ ነገርም አለ። ታማሚው ያን ጠመዝማዛ መንገድ የወረደው ተቀምጦ ነው ወይስ በአምቡላንሱ አልጋ ላይ በጀርባው ተንጋሎ? እስከ ዛሬ ካነበብኳቸው የመላኪያ ወረቀቶች በአንዱም ላይ ይህ ተጽፎ አላየሁም።